ጓንቱ ለማን ነው?

(ቤቴል አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ለፀረ ኤድስና ለጤና ክበብ አባላት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፉንም ኳሱንም ትታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። የክበባችሁ ሰብሳቢ የጋበዘኝ "ስለ ኤች አይ ቪ ንገሪን" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ስለ እጅ መታጠብ ልናገር መጥቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ "ይሄማ የአንደኛ ክፍል ትምህርት ነው" እያላችሁ እንደሆነ ከፊታችሁ እያነበብኩ ነው። ልክ ናችሁ፣ የአንደኛ ክፍል ትምህርት ነው። ነገር ግን ይህንኑ የአንደኛ ክፍል ትምህርት ዲግሪና ዲፕሎማ ለያዙ ሰዎች፣ ያውም ሕይወታችን በእጃቸው ላለ ሰዎች፣ እንደገና ማስተማር አስፈልጓል። ዛሬ የማወራችሁ በዋናነት ስለ ሐኪሞች፣ ስለ ነርሶች፣ ስለ አዋላጆችና ስለ ላብራቶሪ ባለሙያዎች እጅ ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጥቂት ታገሡኝና እደርስበታለሁ።

እኔ ራሴ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፣ የምሠራው ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኜ ነው። በጤና ተቋማት ውስጥ ኢንፌክሽን ስለመከላከል ሥልጠና ሲሰጥ ከአሠልጣኞቹ ጋር እሄዳለሁ። ስለ ባክቴሪያው የሚያስረዱት እነሱ ናቸው። የእኔ ድርሻ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለምን እንደማያደርገው መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ እናንተም ስለ ኮንዶም፣ ስለ ምርመራ፣ ስለ ሲጋራ ስትወያዩ የምታነሡት ስለሆነ አዲስ አይሆንባችሁም።

ሁለት ጓንት

በሥራዬ ከማውቃቸው እናቶች አንዷ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች ብዙ ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ልጇን ከቫይረሱ ነፃ አድርጋ ወልዳለች፤ በእናቶች የድጋፍ ቡድን ውስጥ ሌሎችን ትመክራለች። አንድ ቀን ስለወለደችበት ቀን ስንጨዋወት እንዲህ አለችኝ፦ "እኔ ጋ ሲመጡ ሁለት ጓንት ደርበው ነው። ከአጠገቤ ካለችው ሴት ተነሥተው ወደ እኔ ሲመጡ ግን እጃቸውን ሲታጠቡ አላየሁም። እኔን ነክተው ወደ ቀጣይዋ ሲሄዱም ጓንቱን አውልቀው ጣሉት እንጂ ውኃ ጋ አልደረሱም። እኔን ፈሩኝ። መፍራት የነበረብኝ እኔ እንደነበርኩ ያኔ አላውቅም።"

ይህቺ እናት በጥቂት ቃላት የተናገረችውን ነገር እኔ በዚህ ሁሉ ሰዓት ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ኤች አይ ቪ ባልቆሰለ ቆዳ አልፎ አይገባም። በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ይህን እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ለጤና ባለሙያ ዋናው ሥጋት መርፌ ነው። ቫይረሱ ባለበት ደም የተነካካ መርፌ ከወጋቸው 1,000 ባለሙያዎች መካከል ቫይረሱ የሚይዛቸው በአማካይ 3 ያህሉ ናቸው። በዚያ ላይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። በንጽጽር፣ ያልተከተበን ባለሙያ የሄፓታይተስ ቢ ደም ያለበት መርፌ ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ስለ ሄፓታይተስ ስንት ሰው ሁለት ጓንት ሲደርብ አይታችኋል?

ደም የሚነካ ሰው ጓንት ማድረግ የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ማድረግ አለበት። ነገር ግን ጓንት የሚደረገው ሥራው ታይቶ እንጂ የታካሚዋ ካርድ ታይቶ አይደለም። ኤች አይ ቪ በዓለም ላይ በታወቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደንቡ ተለውጦ የማንኛውም ሰው ደም በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ ጥንቃቄ እንዲደረግ ተወስኗል። ለአንዷ ሁለት፣ ለሌላዋ ባዶ እጅ የሚባል ነገር በደንቡ ውስጥ የለም። ጓንት ራሱም ቢሆን ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይችላል፤ ሲወልቅም እጅን ይበክላል። ስለዚህ ከጓንት በኋላም እጅ ይታጠባል።

አሁን ወደ ተገላቢጦሹ ልምጣ። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የመከላከል አቅሙ የተመለሰ ሰው እንደማናችንም ነው። ዘግይቶ የተመረመረ ወይም መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ግን ሰውነቱ ተራ የሚባለውን ባክቴሪያ እንኳ መመከት ያቅተዋል። በሐኪም ወይም በነርስ እጅ ላይ ያለ፣ ለእነሱ ምንም የማያደርጋቸው ነገር፣ ለእሱ የቁስል ማመርቀዝ፣ የደም መመረዝ ወይም የማያቆም ተቅማጥ ሊሆንበት ይችላል። (ቲቢን እዚህ ውስጥ አላስገባም። እሱ በአየር ነው የሚተላለፈው፤ መስኮት መክፈትና ማስክ ማድረግ እንጂ እጅ መታጠብ አያቆመውም።) እንግዲህ ተመልከቱት፤ ከአልጋው ወደ ነርሷ ይመጣል ተብሎ የተፈራው ነገር በእጅ አይመጣም። ከነርሷ እጅ ወደ አልጋው የሚሄደው ግን በየቀኑ ይሄዳል።

እኛ በዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ለመንካት መፍራት ምን እንደሚያስከትል ሩቅ ሄደን መማር አይኖርብንም። ከቤቴል ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ አለርት አለ። በ1958 ዓ.ም የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም የሥጋ ደዌ ታማሚ ከሰፈር የሚገለል፣ እጁ የማይጨበጥ ሰው ነበር። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ የጤና ባለሙያዎች እዚያ የሠለጠኑት ቁስልን ማጠብና ማሸግ ብቻ አልነበረም። ሰው የሚፈራውን ሰው በእጃቸው ነክተው ማከምንም ተምረዋል። አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፣ በዚያ ዘመን ዘነበወርቅ ሲባል ሰው ፊቱ እንዴት ይለዋወጥ እንደነበር ይነግሯችኋል።

የቪየናው ሐኪም

የሐኪም እጅ ሰው ሊገድል እንደሚችል በቁጥር ያሳየው ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል በማዋለጃ ክፍል ይሠራ ነበር። ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍል ነበረው። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ያዋልዳሉ። የሚገርመው፣ እናቶች በብዛት የሚሞቱት የተማሩት ሐኪሞች በሚያዋልዱበት ክፍል ነበር። ሴቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይመደቡ በእንባ ይለምኑ ነበር። መንገድ ላይ ወልደው የሚመጡት እንኳ ሐኪም ካዋለዳቸው ይልቅ በሕይወት ይተርፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1847 የዜመልቫይስ ወዳጅ የነበረ አንድ የሥራ ባልደረባው አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላ ጣቱ ተቆረጠና ሞተ። የአሟሟቱ ምልክት ከወላዶቹ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ዜመልቫይስ ያኔ ነገሩ በራለት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ሲመረምሩ ያረፍዱና በዚያው እጃቸው ወደ ወላዶቹ ይሄዳሉ። አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ እጁን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ አዘዘ። እኛ በረኪና የምንለው ነገር ዘመድ ነው። (ቤት ሄዳችሁ በበረኪና እንዳትታጠቡ አደራ! ቆዳ ያቃጥላል።) ከትእዛዙ በፊት በነበረው ወር በዚያ ክፍል ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

እንግዲህ ይህን ያህል ሰው ያዳነ ሐኪም ይሸለማል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተሸለመም። ባልደረቦቹ ተቀየሙት። "እኔ ነኝ ገዳይ?" ማለት ለማን ይቀላል? በዚያን ጊዜ ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ በሳይንስ ገና አልተረጋገጠም ነበር። በኋላ ሥራውን አጣ፣ በብስጭትም ኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 በ47 ዓመቱ በአእምሮ ሕሙማን መቆያ ውስጥ ከቁስል በተነሣ ኢንፌክሽን ሞተ። ታሪኩን የሚተርኩት ሰዎች ዜመልቫይስን ጀግና፣ ባልደረቦቹን ደንቆሮ አድርገው ነው የሚጨርሱት። በእኔ አስተያየት ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ዜመልቫይስ እውነቱን ይዞ ነበር፤ ማስተማር ግን አልሆነለትም። መጽሐፉን ያሳተመው ከ14 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ያልተቀበሉትን ሐኪሞች በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳይ እያለ ይዘልፍ ነበር። የተሰደበ ሰው ደግሞ እጁን አይታጠብም፣ ይከራከራል እንጂ። ይህንን ዛሬም በሥልጠና ላይ አየዋለሁ።

የእኛ አገር ቁጥር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ሆስፒታል ከተኙ 100 ታካሚዎች መካከል በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ እንደኛ ባሉ አገሮች 15ቱ ይዘውት ያልመጡትን ኢንፌክሽን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ይይዛቸዋል። ለመዳን ገብቶ ሌላ በሽታ ይዞ መውጣት ማለት ነው።

እኛስ እጃችንን እንዴት ነው የምንታጠበው? በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ከ405 የጤና ባለሙያዎች መካከል የእጅ ንጽሕናን በጥሩ ሁኔታ የሚጠብቁት 16.5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት ስለ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል የታተመ ጥናት ደግሞ ይብሳል። ተመልካቾች ቆመው ሲቆጥሩ፣ እጅ መጽዳት ከነበረበት ጊዜ ሁሉ የጸዳው በ2.1 በመቶ ብቻ ነበር። ዘመቻ ተደርጎ፣ ሥልጠና ተሰጥቶ፣ አልኮል ቀርቦ እንደገና ሲቆጠር 12.7 በመቶ ደረሰ። አሰላ ላይ በተደረገ ተመሳሳይ ሥራም ከ1.4 ወደ 11.7 በመቶ ነው ያደገው። "ስድስት እጥፍ አደገ" ብሎ ማጨብጨብ ይቻላል። ከ100 ጊዜ 87 ጊዜ አሁንም አልጸዳም ብሎ ራስን መያዝም ይቻላል። እኔ ሁለቱንም ነው የማደርገው።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች፣ ውኃ ሳይጠፋ፣ ሳሙና ሳይጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተለካው 48 በመቶ ነበር። ፕሮፌሰር ዲዲዬ ፒቴና ባልደረቦቻቸው በየአልጋው ሥር አልኮል አስቀምጠው፣ ፖስተር ለጥፈው፣ ውጤቱን ለየክፍሉ መልሰው እየነገሩ እስከ 1997 ድረስ ወደ 66 በመቶ አደረሱት። ከሆስፒታሉ ታካሚዎች ኢንፌክሽን የያዛቸው ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረዱ። 100 በመቶ አልደረሱም፤ ሰው ግን ተረፈ።

የሚያውቀውን ለምን አያደርግም?

በሥልጠና ላይ "እጅ መታጠብ ይጠቅማል ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ እጁን የማያነሣ ባለሙያ አታገኙም። ስለዚህ ችግሩ ዕውቀት ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ውኃ ነው። እናንተም ሰፈር በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሮቶው ባዶ ከሆነ፣ ቧንቧው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ሳሙናው ተቆልፎ የተቀመጠው መጋዘን ውስጥ ከሆነ፣ ነርሷን መውቀስ ፍትሕ አይደለም። በሳሙናና በውኃ በደንብ ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ያስፈልጋል። አንዲት ነርስ በአንድ ተረኛ 40 ጊዜ መታጠብ ቢኖርባት እስከ 40 ደቂቃ ማለት ነው፤ ወደ ቧንቧው የምትመላለስበትን ሳይጨምር። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል፣ አልጋው አጠገብ ሆኖም ይሠራል። ጄኔቫ ላይ ለውጥ ያመጣው አንዱ ነገር ይሄው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛውም ሆስፒታል በራሱ ፋርማሲ እንዲቀምመው አሠራሩን በነፃ አውጥቷል። ኢታኖል፣ ጥቂት ግሊሰሪን፣ ጥቂት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ የተፈላ ውኃ። ግሊሰሪኑ ቆዳ እንዳይሰነጣጠቅ ነው። ኢታኖል ደግሞ ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት በአገራችን በፊንጫና በመተሐራ ሲመረት የቆየ ነገር ነው። እጅ ላይ ደም ወይም የሚታይ ቆሻሻ ካለ ግን አልኮል አይሆንም፣ ሳሙናና ውኃ የግድ ነው።

ሁለተኛው ነገር የእኔ ሙያ ይመለከተዋል። አለቃ! ትልቁ ሐኪም አልጋ ለአልጋ ሲዞር ከኋላው ተማሪው፣ ኢንተርኑ፣ ነርሷ ይከተላሉ። ትልቁ ሐኪም እጁን ሳያጸዳ ከአልጋ አንድ ወደ አልጋ ሁለት ካለፈ ከኋላው ያለው ሁሉ ያልፋል። ማን ቀድሞ ይቆማል? በተቃራኒው፣ እሱ ቆም ብሎ አልኮሉን ከኪሱ ሲያወጣ ስምንት ሰው አብሮ እጁን ሲያሽ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድም ቃል አልተናገረም። ለዚህ ነው ሥልጠናውን ከታች ሠራተኛ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ የምከራከረው።

ሦስተኛውን ለመረዳት ቤታችሁን አስቡ። እንግዳ ሲመጣ ትንሹ ልጅ ጆግና ሳህን ይዞ ከትልቅ ጀምሮ ያስታጥባል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጋሉ፣ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር። መታጠብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን እጃችንን የምንታጠበው አፋችን ሊበላበት ስለሆነ ነው፣ ወይም የሚያስጠላን ነገር ስለነካን ነው። ለራሳችን ነው። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶችም ያንኑ ነው የሚያሳዩት። ባለሙያዎች ታካሚ ከነኩ በኋላ ይታጠባሉ፣ ከመንካታቸው በፊት ግን ይዘነጋሉ። ጓንቱን የሚለብሱት ለራሳቸው ነው፣ እጃቸውን የሚታጠቡትም ለራሳቸው ነው። ያቺ እናት ያየችው ይህንን ነው።

ሥልጠናው ምን ይመስላል?

ድሮ የነበረውን ልንገራችሁ። ሆቴል አዳራሽ ይያዛል፣ ፓወር ፖይንት ይበራል፣ ሻይ ዕረፍት ይወጣል፣ ሰርተፊኬትና አበል ይሰጣል። (አበሉ ቢቀር ስንቱ ይመጣ እንደነበር አንድ ቀን ማጥናት እፈልጋለሁ።) ሰኞ ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ ቧንቧው እንደደረቀ ይጠብቀዋል።

አሁን የሚሻለው አሠራር አልጋው አጠገብ ቆሞ ማስተማር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እጅ መጽዳት ያለበትን ጊዜ በአምስት ከፍሎታል። ታካሚውን ከመንካት በፊት አንድ፣ መርፌ እንደመውጋትና ቁስል እንደማሸግ ያለ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመሥራት በፊት ሁለት። ከዚያ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ ታካሚውን ከነኩ በኋላ፣ በመጨረሻም ታካሚው ሳይነካ አልጋውን፣ ኮሞዲኖውን ወይም የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ከነኩ በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ "በፊት" የሚሉ መሆናቸውን ልብ በሉ። እነዚያ ለታካሚው ናቸው። በሥልጠና ላይ ረጅም ሰዓት የምንቆየው በእነሱ ላይ ነው።

ሌላው መቁጠር ነው። አንድ ተመልካች ቅጽ ይዞ ይቆምና የሰው ስም ሳይጽፍ ስንት ጊዜ መጽዳት ነበረበት፣ ስንት ጊዜ ጸዳ እያለ ይመዘግባል። ሰው ሲታይ ይታጠባል፤ ተመልካቹ ሲሄድ ይቀንሳል። ይህን ስለምናውቅ ቁጥሩን ዝቅ አድርገን ነው የምናነበው። ውጤቱ ለማዋለጃው፣ ለቀዶ ሕክምናው፣ ለሕፃናት ክፍሉ ለየብቻ ይነገራል። በክፍሎች መካከል እልህ ሲገባ ታዩ ነበር! "ቀዶ ሕክምና በለጠን?" ያለች አዋላጅ በማግስቱ የሳሙና ማስቀመጫ አሠርታ መጣች።

በአገር ደረጃም ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 "ካሽ" በሚል ምኅጻር የሚታወቀውን፣ ጤና ተቋማትን ንጹሕና ደህንነታቸው የተጠበቀ የማድረግ ንቅናቄ ጀምሯል። በዓለም ደረጃ ደግሞ ሜይ 5 የእጅ ንጽሕና ቀን ነው፤ አምስተኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን፣ አምስት ጣት። ቀኑ በእኛ ሚያዝያ 27 ላይ ይውላል። ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች ድል በዓል ነው! ብዙ ሰው ዕረፍት ላይ ስለሆነ በጤና ተቋማት በዓሉ ሳይታወስ ሊያልፍ ይችላል። ቀኑ ይዘዋወር የሚል ሐሳብ ካላችሁ ጻፉልን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ምን እንደሆነ ታስታውሱ ይሆናል። እናንተ ትንንሾች ነበራችሁ። በየሱቁ፣ በየባንኩ፣ በየታክሲ ተራው ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ቆመ። አገሩ በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እጁን መታጠብ ቻለ። ስለዚህ "ሕዝባችን አይለወጥም" የሚለኝን ሰው አላምነውም። በኋላ ጀሪካኖቹ ደረቁ። ለራሳችን ስንፈራ ቆሙ፣ ፍርሃቱ ሲለቀን ደረቁ።

ከእናንተ ምን ይጠበቃል?

ከመካከላችሁ ነርስ፣ ሐኪም፣ አዋላጅ የምትሆኑ አላችሁ። ያን ጊዜ ይደረሳል። ለጊዜው ግን ሁላችሁም አስታማሚ ናችሁ። በእኛ አገር ሆስፒታል የተኛን ሰው የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ ሰገራውን የሚደፋው ቤተሰብ ነው። እናታችሁን ልታስታምሙ ገብታችሁ የአጠገቧን ታካሚ ደግፋችሁ ታስነሡና በዚያው እጃችሁ ለእናታችሁ ትቆርሳላችሁ። በጎነታችሁን አትተዉ፤ በመካከል እጃችሁን ታጠቡ። እጅ በጋራ ፎጣ አይደረቅም፤ የታጠበውን መልሶ ያቆሽሻል። ሶፍት ወይም የራሳችሁ ንጹሕ ፎጣ ካልያዛችሁ አየር ላይ አድርቁት።

ባለሙያው ሳይታጠብ ሊነካችሁ ሲል ምን ትላላችሁ? "እጅሽን ታጠቢ" ማለት በእኛ ባህል ከባድ ነው፤ ታምሞ የተኛ ሰው ደግሞ የሚያክመውን ማስቀየም አይፈልግም። ይህን ሸክም በታካሚ ላይ መጣል ተገቢ ነው ብዬም አላምንም፤ ኃላፊነቱ የተቋሙ ነው። ግን አንድ ዘዴ አለ። ትንሽ ሳኒታይዘር ራስጌ አስቀምጡና ባለሙያዋ ስትመጣ መጀመሪያ እናንተው እጃችሁ ላይ ጠብ አድርጉ፣ ከዚያ "ሲስተር፣ ይፈልጋሉ?" ብላችሁ ዘርጉላቸው። እስካሁን እንቢ ያለች ነርስ አልገጠመችኝም። አንዳንዷ እንዲያውም "ተባረክ ልጄ፣ የኛ ካለቀ ሦስት ቀኑ" ትላለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ለነርሷ ሳይሆን ለአስተዳደሩ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሆስፒታል ቢገባባችሁም እንደዚሁ ነው። እጁን ጨብጡት፣ አልጋው ላይ ቁጭ በሉ፣ አብራችሁ ብሉ። ከመጨበጣችሁ በፊት ግን ታጠቡ። ለእሱ ብላችሁ ማለቴ ነው። ከወጣችሁ በኋላ በሩ ላይ ቆማችሁ እሱ እያያችሁ እጃችሁን ብትፈትጉ ምን እንደሚሰማው ራሳችሁ ገምቱ።

በሉ፣ ወሬው ይብቃ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ባለሙያዎቹን ስናሠለጥን የምንጠቀምበት ነገር አለ፤ ጓንትና ሰማያዊ የውኃ ቀለም። ስድስት ልጆች እፈልጋለሁ፣ ሦስት ሴት፣ ሦስት ወንድ። ጓንቱን አድርጉ። ቀለሙ እንደ ሳሙና ነው። አንድ ማንኪያ መዳፋችሁ ላይ እጨምርላችኋለሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንደወትሮው "ታጠባላችሁ"። በቃን ስትሉ እጃችሁን ወደ ላይ ታነሣላችሁ፤ ቀለም ያልነካውን ነጭ ቦታ የተቀመጡት ይነግሯችኋል። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ አውራ ጣትን፣ የጣት ጫፍንና የእጅን ጀርባ ነው ሰው የሚረሳው፤ ያውም መርፌ የሚይዘው የጣት ጫፍ ነው። መምህር፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ! ቀለሙ ልብስ ቢነካ አይጨነቁ፣ በውኃ ይለቃል።